የኅዳር ስድስቱ ልደት

ቅዳሜ ኅዳር 6 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ልክ በዘጠኝ ሰዓት፣ ከአዲሱ ገበያ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው የኮረኮንች መንገድ ዳር በሚገኘው የመምህርት ደሳለች ቤት አንድ ልደት ይከበር ነበር። በዚያ ቤት ልደት መከበሩ አዲስ ነገር አልነበረም። አዲስ የነበረው ልደቱ እውነተኛ መሆኑ ነው።

የጸሎት ቤታቸው በመንግሥት ከታሸገ ወዲህ ምእመናኑ በትንንሽ ቡድን ተከፋፍለው በየቤቱ ይሰበሰቡ ነበር። ያለ ቀበሌ ፈቃድ ሰው ሰብስቦ መገኘት ግን ያስጠይቃል። ስለዚህ የዚህ ቡድን መሪ የነበሩት ጋሽ ኢታና፣ በማዘጋጃ ቤት የመሬት ልኬት ሠራተኛ እንደ መሆናቸው ነገሮችን አስቀድመው መለካት ይወዱ ነበርና፣ አንድ ዘዴ ቀየሱ። በየሳምንቱ ቅዳሜ ጠረጴዛው ላይ ኬክ ይቀመጣል፤ ኬኩ ላይ ሻማ ይሰካል። በር ካልተንኳኳ ይጸለያል። በር ከተንኳኳ የመምህርት ደሳለች ልጅ ዓለሜ ሻማውን ትለኩሳለች፤ ሁሉም ተነሥቶ የልደት መዝሙር ይዘምራል። አንድ ሰው ደግሞ፣ ተራው የደረሰው፣ የተወለደ ሰው ፊት ያሳያል።

ዘዴው ሠራ። ከሚገባው በላይ ሠራ ለማለትም ይቻላል። ከቡድኑ አባላት መካከል ወይዘሮ አጸደ ደስተኛ ፊት ማሳየት ስለሚችሉ ልደቱ ብዙ ጊዜ በእሳቸው ላይ ይወድቅ ነበር፤ እሳቸውም በአንድ ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ጊዜ መወለድ ጉልበቴን ጨርሶታል እያሉ ማማረር ጀመሩ። ጥርጣሬ ያደረባቸው ሰው ቢኖሩ የማዕዘኗ ባለ ሱቅ ወይዘሮ ዘኪያ ብቻ ነበሩ።

«እናንተ ቤት ሰው መወለድ እንጂ ማደግ አያውቅም እንዴ?» አሉ አንድ ቀን ለዓለሜ ስኳር እየመዘኑ። «ባለፈው ሳምንት የወይዘሮ አጸደ ነው አላልሽኝም?»

«የዛሬው የጋሽ ኢታና ነው።»

«እሳቸውማ መጋቢት ላይ ተወልደዋል። ዱቄት ወስደሻል።»

«ያኔ ጾም ስለ ነበር በደንብ አልተከበረም።»

ወይዘሮ ዘኪያ ሚዛኑን አይተው፣ ዓለሜን አይተው፣ «አላህ ያሳድጋቸው» ብለው ስኳሩን ጠቀለሉላት።

ከዚህ ሁሉ ልደት በስተጀርባ ግን አንድ ጸሎት ነበረ። የመምህርት ደሳለች የበኩር ልጅ አድነው ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ላይ ከትምህርት ቤት ሲመለስ፣ አዲሱ ገበያ ከአውቶቡስ እንደ ወረደ፣ ለብሔራዊ ውትድርና በአፈሳ ተያዘ። ክንዱን የያዘው የገዛ ሠፈሩ አብዮት ጠባቂ ጓድ ጉታ ነበር። ከማሠልጠኛ ወደ ሰሜን ግንባር ተልኳል ከተባለ በኋላ ስለ እሱ አንድም ወሬ አልተሰማም። ሞተ ያለ የለም፤ አለ ያለም የለም። እናቱ በየማለዳው ተነሥተው የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎቻቸውን ማባዛትና ማካፈል ያስተምራሉ፤ ማታ ተመልሰው የልጃቸውን አልጋ አንሶላ ያስተካክላሉ፤ ማንም ያልተኛበት አንሶላ ለምን እንደሚጨማደድ ማንንም አልጠየቁም።

ቡድኑ በመጀመሪያ ቀለል አድርጎ ጸለየ። መልስ አልመጣም። ጋሽ ኢታና ጥያቄው ግልጽ አልነበረም የሚል አስተያየት አቀረቡ። ከዚያ ወዲህ በጸሎቱ ውስጥ የአድነው ስም እስከ አያቱ፣ የተያዘበት ቦታ፣ ቁመቱና የመኖሪያ ቀበሌው በዝርዝር ይጠቀስ ጀመር፤ በግንባር ካሉት አድነዎች መካከል ሌላው በስሕተት ተልኮ እንዳይመጣ መሆኑ ነው። መልስ አልመጣም። ተንበርክከው ጸለዩ። ጾመው ጸለዩ። ጮክ ብሎ መጸለይ ይሻላል ተባለና ጎረቤት እንዳይሰማ ጮክ ብሎ በሹክሹክታ ተጸለየ። በመጨረሻ ጋሽ ኢታና ግምገማ ጠሩ።

ጋሽ ኢታና እንደ ማንኛውም የመንግሥት ሠራተኛ በየሳምንቱ የመሥሪያ ቤታቸው የውይይት ክበብ ላይ መገኘት ግዴታቸው ነበር። እዚያ የሚባለውን ከልባቸው እንደማይቀበሉት ለቡድኑ ደጋግመው ተናግረዋል። ይሁን እንጂ በግድ የተማሩት ቋንቋ በውድ ይመጣላቸው ነበር።

«ችግሩ ከላይ ሊሆን አይችልም» አሉ። «ከላይ ካልሆነ ከታች ነው። ከታች ያለነው እኛ ነን። እንግዲህ እያንዳንዱ ግለ ሂሱን ያቅርብ።»

ወይዘሮ አጸደ የጎረቤታቸውን ብርድ ልብስ መመኘታቸውን ተናገሩ። ጋሽ ኢታና አሰቡና ይህን ያህል ጸሎት ለማገድ አንድ ብርድ ልብስ እንደማይበቃ ወሰኑ።

«እኔ በጾማችን ቀን የኬኩን ሊጥ ቀምሻለሁ» አለች ዓለሜ።

«ዓለሜ፣ ቀልድ አይደለም።»

«እኔም የምሬን ነው። ሁለት ጣት።»

«አንቺ ልጅ፣ ወንድምሽ እኮ ነው።»

ዓለሜ አንገቷን ደፋች። ወንድሟ መሆኑን ከጋሽ ኢታና መማር አያስፈልጋትም ነበር።

በዚህ መካከል ወይዘሮ አጸደ ብድግ ብለው፣ «ውሸቱስ?» አሉ። «እኔ ደርዘን ጊዜ ተወልጃለሁ። በእግዚአብሔር ፊት ሻማ እያጠፋሁ።»

ጋሽ ኢታና የጠፋ የወሰን ድንጋይ እንዳገኘ ሰው ፊታቸው በራ። እነሆ እንቅፋቱ ተገኘ። በሐሰተኛ ልደት ላይ የቀረበ ልመና ሊሰማ አይችልም፤ ስለዚህ እውነተኛ ልደት ይፈለግ። ይህ በሙሉ ድምፅ ከተወሰነ በኋላ ነው ከትልልቆቹ አባላት መካከል የተወለደበትን ቀን የሚያውቅ እንደሌለ የታወቀው።

«ጋሽ ኢታና፣ እርስዎ መቼ ነው የተወለዱት?» አሉ ወይዘሮ አጸደ።

«ነጆ፣ ቡና ሲለቀም።»

«ቀኑን ነው እኮ።»

«ቡናው ሊያልቅ ሲል። እርስዎስ?»

«አንበጣው በገባ ማግስት ነው ይሉኛል።»

«የትኛው አንበጣ?»

«ትልቁ።»

ዓለሜ የራሷን ልታቀርብ ስትል ወሩ ግንቦት መሆኑ ታወቀና ሩቅ ነው ተባለ። እስከዚያ ድረስ ዝም ብለው የቆዩት መምህርት ደሳለች ያን ጊዜ ተናገሩ።

«አድነውን የወለድኩት ለቁስቋም ነው። ኅዳር ስድስት። ታቦቱ ሲመለስ እልልታው እኛ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር። ሴቶቹ እልል ሲሉ እኔ እጮህ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ።»

ጋሽ ኢታና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ቡድኑ የታቦትን በዓል ከተወ ብዙ ዘመኑ ነው፤ አሁን በመካከሉ የተገኘችው አንዲት እርግጠኛ ቀን በታቦት ተደግፋ መቆሟ አልተመቻቸውም።

«እኛ እንኳ በዓል አንቆጥርም» አሉ።

«እርስዎ አይቁጠሩት እንጂ ልጁ የመጣው ያን ቀን ነው።»

«እንግዲህ ቁስቋም ሳንል ኅዳር ስድስት እንበለው» ብለው አስማሙ።

በሚቀጥለው ሳምንት ወይዘሮ አጸደ ሕልም አዩ። አድነው የወታደር ሻንጣውን በትከሻው አንግቶ በዚሁ በር ሲገባ፣ ኬኩም ገና ሳይቆረስ። ጋሽ ኢታና ሕልሙን ለውይይት ካቀረቡት በኋላ እንዲጸድቅ ጠየቁ።

«እኔ ድምፅ አልሰጠሁም» አሉ መምህርት ደሳለች።

«ተቃውሞ አለሽ?»

«ልጄ እንዲመጣ የምቃወም እናት ነኝ እንዴ?»

«እንግዲያው ጸድቋል።»

ስለዚህ ኅዳር ስድስት ቀን በዘጠኝ ሰዓት፣ በጠረጴዛው ራስጌ አንድ ባዶ ወንበር ተቀምጧል። ፊት ለፊቱ ሳሕን፣ ሹካና ብርጭቆ ተሰናድቷል። ከላይ ከቁስቋም በኩል የከበሮና የእልልታ ድምፅ ከነፋሱ ጋር እየመጣ ይሄዳል፤ ጋሽ ኢታና ነፋሱ በመጣ ቁጥር ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ።

«ዛሬ አምጣልን አይባልም» አሉ። «መጥቷል ነው የሚባለው። አምጣልን ማለት ጥርጣሬ ነው። እህት ደሳለች፣ አንቺ ጀምሪ።»

መምህርት ደሳለች ወንበሩን አዩ።

«ጋሽ ኢታና፣ ወንበሩ ባዶ ነው።»

«በሥጋ ዓይን ስለምታዪው ነው።»

«ሌላ ዓይን አልተሰጠኝም። ልጆቹ ሰባትን ስምንት ነው ሲሉኝ አርማለሁ፤ እኔ ራሴ ሄጄ ያልመጣውን መጣ እላለሁ?»

«እህቴ» አሉ ጋሽ ኢታና፤ ድምፃቸው ለስልሶ ነበር፣ ክፋትም አልነበረበትም። «ልጅሽ መንገድ ላይ ሆኖ፣ በአንቺ ጥርጣሬ መንገዱ ቢዘጋበት ምን ትያለሽ? ለራስሽ ምን ትያለሽ?»

መምህርት ደሳለች የጠረጴዛውን ልብስ ጫፍ ይዘው በጣታቸው ያሹት ነበር። ይህን ጥያቄ ጋሽ ኢታና አልፈጠሩትም፤ አንሶላውን ሲያስተካክሉ ራሳቸው ለራሳቸው ያቀረቡት ጥያቄ ነው። ለዚያ መልስ አልነበራቸውም። አሁን ግን ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ ሰምተው መልሱን አወቁት።

«እኔ ስለ ጠረጠርኩ ልጄን የሚገድል ቢሆን ኖሮ፣ እስከ ዛሬ አልለምነውም ነበር» አሉ። «የምለምነው ከእኔ ስለሚሻል ነው።»

ጋሽ ኢታና ለዚህ የሚሆን ነጥብ እየፈለጉ ሳለ በሩ ተንኳኳ።

ያን ቅጽበት በትክክል ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ወይዘሮ አጸደ «መጣ» ብለው በጉልበታቸው ወደቁ። ዓለሜ ክብሪቱን አነሣች፤ ልማድ ከተስፋ ስለሚፈጥን ወንድሜ ነው ብላ እያሰበች ለቀበሌው ሻማ ለኮሰች። ጋሽ ኢታና ሲጠባበቁ የቆዩት ነገር በር ላይ ሲደርስ ማመስገን ይቅደም ወይስ መጽሐፍ ቅዱሱን መደበቅ የሚለውን ለመወሰን ጊዜ አጡና፣ በአንድ እጃቸው ወደ ሰማይ እያመለከቱ በሌላው መጽሐፉን ትራስ ሥር ሸጎጡ። መምህርት ደሳለች ብቻ ቀጥ ብለው ወደ በሩ ሄዱ። ሲሄዱ እግራቸው እንደ ልጃገረድ እግር ፈጠነ። ከፈቱት።

ጓድ ጉታ ነበር። ጠመንጃውን በትከሻው አንግቶ።

የልደት መዝሙሩ ተጀመረ። ወይዘሮ አጸደ ከወደቁበት ሳይነሡ ዘመሩ። ጉታ እስኪያልቅ ድረስ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀ፤ ከዚያ ጠመንጃውን ግድግዳ አስደግፎ፣ በቤቱ ውስጥ ባዶ የነበረው ወንበር አንድ ብቻ ስለሆነ እዚያው ተቀመጠ። ወንበሩ ተይዟል ያለው የለም። ዓለሜ ቆርሳ ሰጠችው።

«ጥሩ ነው» አለ ጉታ እያላመጠ። «ከወይዘሮ አጸደ ሦስተኛው ልደት ይሻላል።»

«ሦስተኛው?» አሉ ወይዘሮ አጸደ።

«ያኛው ስኳር አንሶት ነበር። ዛሬ የማን ነው?»

«የአድነው» አሉ መምህርት ደሳለች።

ጉታ ማላመጡን አቆመ። ሹካውን አስቀመጠ። ለማስቀመጥ ብዙ ጊዜ ወሰደ።

«ስንት ሞላው?»

«ሃያ።»

«ቶለሳ ዐሥራ ዘጠኝ ነው» አለ። «የኔ ልጅ። እርስዎ አስተምረውታል፣ እትዬ ደሳለች።»

«አስታውሰዋለሁ። ቀኝና ግራውን የማይለይ።»

«አሁንም አይለይም።» ጉታ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ። «ሐሙስ እናቱን ጳውሎስ ሆስፒታል አድርሶ ሲመለስ ያዙት። የሌላ ቀበሌ ጠባቂዎች ናቸው። ሮጬ ሄድኩ። መታወቂያዬን አሳየሁ። ‹ጓድ፣ ሥራውን አንተው ታውቀዋለህ፤ ኮታ ነው› አሉኝ። ወደ ሊቀ መንበራችን ሄድኩ። ‹የአብዮት ጠባቂ ልጅ ሲዘምት ደስ ይላል› ብሎ ጨበጠኝ። ለረጅም ጊዜ ጨበጠኝ።»

«እንኳን ደስ ያለዎት» አሉ ጋሽ ኢታና፤ «ማለቴ... እናት አገር ስትጠራ...»

«ጋሽ ኢታና፣ ይተዉት። ይህን ልጁ ለተወሰደበት ሰው የምናገረው እኔ ነኝ።»

ከበሮው ከሩቅ መጣና ሄደ።

«የመጣሁት ለኬክ አይደለም» አለ ጉታ። «እኔ በዚህ በር ሳልፍ እሰማለሁ። ሳንኳኳ ነው ልደቱ የሚጀመረው፤ ሳላንኳኳ ሌላ ነው የምትሉት። ለማንም አልተናገርኩም። ለምን እንዳልተናገርኩ እንጃ። ኬኩ ይሆናል። ብቻ ለልጄም በሉለት። ለአድነው የምትሉትን ለቶለሳም በሉለት።»

ጋሽ ኢታና ላብ አጠመቃቸው። ወጥመድ ሊሆን ይችላል፤ ሌላው ቡድን የተያዘው እንዲህ ነው ተብሎ ሲወራ ሰምተዋል። ጠመንጃውም ግድግዳው ላይ ነው። እንዲህም አሉ፦

«ጓድ ጉታ፣ ተሳስተዋል። እኛ ልደት ነው የምናከብረው። እውነተኛ ልደት ነው፤ በቀኑ፣ በሰዓቱ።»

በዚያ ቤት ያን ያህል እውነት ተነግሮ አያውቅም። ያን ያህል የተሳካ ውሸትም እንዲሁ።

«እኔማ ጸሎት ማን አስተምሮኝ» አሉ ወይዘሮ አጸደ።

«ወይዘሮ አጸደ፣ እኔ ይህን ቤት በጨለማ የማገኘው በእርስዎ ድምፅ ነው።»

ወይዘሮ አጸደ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ጋሽ ኢታና ግን ሌላ መውጫ ያገኙ መሰላቸው። «ለመሆኑ» አሉ፣ «እንዲህ ያለ ነገር ቢኖር እንኳ፣ አለ ማለቴ አይደለም፣ ቢኖር እንኳ ምን ዋስትና አለው? ለአድነው ይኸው ስንት ጊዜ...» ብለው የተናገሩትን ሰሙና አፋቸውን ያዙ።

ጉታ ወደ መምህርት ደሳለች ዞረ።

«የርስዎን ልጅ የያዝኩት እኔ ነኝ። ያውቃሉ።»

«አውቃለሁ። በየትኛው እጅህ እንደ ያዝከውም ነግረውኛል።»

ጉታ ቀኝ እጁን ከጠረጴዛው ላይ አነሣ፤ የት እንደሚያስቀምጠው ጠፋበት።

«እግዚአብሔር ይሰማዎታል? ሲለምኑት?»

«ይሰማኛል።»

«ታዲያ አድነው የት አለ?»

«አላውቅም። አልነገረኝም።»

«ሳይነግርዎት ነው የሚለምኑት?»

«ሳይነግረኝ ነው።»

ጉታ ይህን እንደማይገባ ትእዛዝ አዳመጠው። ባርኔጣውን በጉልበቱ ላይ አዞረው። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እንግዲያው ከልጅዎ ጋር ይለምኑልኝ» አለ። «ነውር መሆኑን አውቃለሁ።»

ዓለሜ እናቷን ታይ ነበር፤ እምቢ እንዲሉ ትፈልግ እንደሆነ ወይም እሺ እንዲሉ ራሷም አላወቀችውም። እምቢ ማለት ቀላል ነበር፤ ጋሽ ኢታና በሩን ከፍተው ሰጥተዋቸዋል። ልደት ነው ብሎ ማለፍ ይበቃል። ጉታ ኬኩን ጨርሶ ይሄዳል፤ ልጁም ይሄዳል፤ ሁለት እናቶች በአንድ ሠፈር ሁለት አንሶላ ያስተካክላሉ። ፍትሕ ቢባል ፍትሕ ነው።

መምህርት ደሳለች ተነሡ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ድምፃቸውን ዝቅ አላደረጉም፤ መንገድ ላይ የሚያልፍ ሰው ሊሰማ በሚችል ድምፅ፣ ክፍል ውስጥ ለመጨረሻው ወንበር በሚናገሩበት ድምፅ ጀመሩ።

«ጌታ ሆይ፣ አድነው የት እንዳለ አላውቅም፤ አንተ ታውቃለህ። ቶለሳም ወዴት እንደሚወስዱት ታውቃለህ። ይህን ሰው ልቤ አልተቀበለውም፤ ይህንንም ታውቃለህ፣ አልደብቅህም። ሁለቱንም አምጣልን። ለምን እንደ ዘገየህ አልጠየቅሁህም፤ ዛሬም አልጠይቅህም። ብታመጣልንም ባታመጣልንም ካንተ ሌላ የምንለምነው የለንም። አምጣልን።»

ጨረሱ። በዚያ ቡድን ሥርዓት አሜንን የሚጀምሩት ጋሽ ኢታና ነበሩ፤ ሌላው ይከተላል። ጋሽ ኢታና ግድግዳውን የተደገፈውን ጠመንጃ ያዩ ነበር። ወይዘሮ አጸደ ከነጠላቸው ሥር አልወጡም። ዓለሜ ጋሽ ኢታናን ትጠብቅ ነበር። ጉታ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል፤ የመንግሥት ሰው እንዲህ ባለ ቦታ ምን እንደሚል የነገረው አልነበረም፤ ከንፈሩ ተንቀሳቅሶ ቆመ።

መምህርት ደሳለች ዓይናቸውን ሳይገልጡ ጠበቁ።

«አሜን በሉ እንጂ» አሉ።